የፀጉር ቀለም ያሳበጠው ፊት የቦቶክስ መርፌ ይችላል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ በጎንደር ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ የ44 ዓመት መምህርት ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው በጥር መጨረሻ ትዳራለች። በሁለቱ ቅንድቦቻቸው መካከል የቆሙት ሁለት መስመሮች «ሁልጊዜ የተቆጣሁ ያስመስሉኛል፤ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ዛሬ ምን ሆኑ ይሉኛል» ብለው ጽፈዋል። አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ መጥታ በአንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ለብዙ ሰው በአንድ ቀን ቦቶክስ እንደምትወጋ ሰምተው ሊመዘገቡ አስበዋል። ነገር ግን አምና ለዘመድ ሠርግ ፀጉራቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው በሦስተኛው ቀን ግንባራቸውና የዐይን ቆባቸው አብጦ፣ የጆሯቸው ጫፍ ውኃ ቋጥሮ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ከቤት ሳይወጡ ቀርተዋል። ያኔ ከፋርማሲ የተሰጣቸውን ቅባት እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይቀቡታል። ልጅ ሳሉም የገበያ ጉትቻ ያሳክካቸው ነበር። «ቆዳዬ እንዲህ አለርጂ ሆኖ ሳለ መርፌው ያንኑ ይመልስብኝ ይሆን? መርዝ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? ለሠርጉስ ፀጉሬን ምን ላድርገው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂ፣ በጣም ያስጨነቀዎትን ላስቀድም። አምና ፊትዎን ያሳበጠው የፀጉር ቀለም አለርጂ ቦቶክስ እንዳይወጉ የሚከለክል ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱ ነገሮች በይዘታቸውም ሆነ ሰውነት ለእነርሱ በሚሰጠው ምላሽ አይገናኙም። ይሁን እንጂ መርፌውን ከመወሰንዎ በፊት ያ አለርጂ በስሙ ሊታወቅ፣ ፊትዎ ላይ የቀረ ችፌ ካለም ሊድን፣ የሚቀቡት ቅባትም ምን እንደሆነ ሊጣራ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የእርስዎ ቆዳ ሳይሆን በሳሎኑ ውስጥ የሚጠብቅዎት ብልቃጥ ነው። ለምን እንደሆነ በየተራው ላስረዳ።

«መርዝ ነው» የሚባለው እውነት ነው፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ቦቶክስ የአንድ አምራች የንግድ ስም ሲሆን መድኃኒቱ ቦቱሊነም ቶክሲን ይባላል፤ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ አየር በማያገኝበት ምግብ ውስጥ ሲራባ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዩስቲኑስ ኬርነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በተበላሸ ቋሊማ ተመርዘው ጡንቻቸው የዛለ ሰዎችን ተከታትሎ ሕመሙን በዝርዝር ጻፈ፤ ይኸው መርዝ በጥቂቱ ቢሰጥ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችልም ያን ጊዜውኑ ገምቶ ነበር። ግምቱ እውን እስኪሆን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ወስዷል። አለን ስኮት የተባለው አሜሪካዊ የዐይን ሐኪም የተንሸዋረረ ዐይንን ያለ ቀዶ ሕክምና ለማስተካከል ተጠቀመበትና እ.ኤ.አ. በ1989 በአገሩ ለዐይን ሕክምና ተፈቀደ። በካናዳ ቫንኩቨር ደግሞ ዣን ካራዘርስ የተባሉ የዐይን ሐኪም፣ ቆባቸው ሳይፈልጉ የሚጨፈንባቸውን ሰዎች በዚሁ መርፌ ሲያክሙ በቅንድቦች መካከል ያለው መስመር አብሮ እንደሚለሰልስ አስተዋሉ፤ የቆዳ ሐኪም ከሆኑት ባለቤታቸው ከአላስቴር ካራዘርስ ጋር ሆነው ውጤቱን በ1992 አሳተሙ። እርስዎ ለሚጠይቁበት ለዚያው ቦታ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2002 ነው። እንግዲህ ነገሩ ትናንት ከውበት ሳሎን የተወለደ ሳይሆን ከዐይን ሕክምና ክፍል የመጣ መድኃኒት ነው፤ ዛሬም ለዐይን ቆብ መንቀጥቀጥ፣ ለአንገት መጣመምና ከስትሮክ በኋላ ለሚመጣ የእጅ መገታተር ይሰጣል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ነርቭ ጡንቻን እንዲኮማተር የሚያዘው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ጫፉ ላይ በመልቀቅ ነው። መድኃኒቱ ነርቩ ጫፍ ውስጥ ገብቶ ያንን ኬሚካል ለማስወጣት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ትእዛዙ ከአንጎል ይመጣል፤ ጡንቻው ጋ ግን አይደርስም። ጡንቻው ሳይሞት፣ ሳይቆረጥ እንዲሁ ያርፋል። ቆዳውን እየጎተተ የሚያጥፈው ጡንቻ ሲያርፍ እጥፋቱ ይለሰልሳል። ለውጡ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ይሆናል፤ ነርቩ ራሱን ስለሚጠግን ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል። ለቅንድቦች መካከል በአንደኛው አምራች መመሪያ የሚሰጠው 20 ዩኒት ነው (ዩኒት የመድኃኒቱ ኃይል የሚለካበት ልክ ነው)፤ በአምስት ቦታ አራት አራት ዩኒት ሆኖ ይከፈላል። ይህ መጠን ሰውን ይገድላል ተብሎ ከሚገመተው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። መርዝነቱን የሚወስነው እንግዲህ መጠኑ፣ ቦታውና የሚወጋው እጅ ነው፤ ሦስቱም ወደ ሳሎኑ ነገር ይመልሱናል።

ከዚያ በፊት ግን መስመሮቹ እርስዎ የሚያስቧቸው ዓይነት መሆናቸውን ማወቅ ይኖርብዎታል። መስታወት ፊት ቆመው ፊትዎን ሙሉ በሙሉ ያሳርፉ፤ ከዚያ ቅንድብዎን ያጨማዱ። ሲያጨማዱ ብቻ የሚታይ መስመር የጡንቻ መስመር ነው፤ መርፌው የሚያስተካክለው እርሱን ነው። ፊትዎ አርፎም ተቀርጾ የሚታየው መስመር ግን ቆዳው ራሱ ስለታጠፈ መርፌው ያለሰልሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ «ጠፍቶ ያድራል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት። የጉንጭ መውረድና ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው እጥፋትም የዚህ መርፌ ሥራ አይደለም።

መስመሮቹ ከምን እንደሚመጡም ላንሣ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳን የሚያስረጀው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ በተሻለ ቢከላከልም ነፃ አይደለም። በፀሐይ ምክንያት ፊት ማጨማደድም ለእነዚህ መስመሮች ይጨምራል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የተማሪ ደብተር ሲያርሙ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዩታል? በአርባዎቹ ዕድሜ የቅርብ እይታ መድከም የተለመደ ነው፤ መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ቅንድቡን ያጨማድዳል። ስለ ፊት መጨማደድ ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዎች መካከል አስቀድሜ ወደ ዐይን ክፍል የምልካቸው ጥቂት አይደሉም። መነጽር ሳያደርጉ ጡንቻውን ብቻ ማሳረፍ ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን መያዝ ይሆናል።

አሁን ወደ አለርጂው ልምጣ፤ ይህ ክፍል በደንብ እንዲገባዎት እፈልጋለሁ፤ በየቤቱ «አለርጂ» የሚባለው ቃል ብዙ የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አፍኖ ስለያዘ ብዙ ሰው የማያስፈልገውን ሲፈራ የሚያስፈልገውን ሳይፈራ ይቀራል።

ቆዳ የሚቆጣባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው አለርጂ አይደለም፤ በረኪና ወይም ኃይለኛ ሳሙና ቆዳን በቀጥታ ሲልጠው ማንኛውም ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ሁለተኛው ፈጣኑ አለርጂ ነው፤ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቆዳው ላይ የሚያሳክክ እብጠት እዚህም እዚያም ይነሣና በሰዓታት ውስጥ ቦታውን እየቀየረ ይጠፋል፤ ሲከፋ ከንፈርና ጉሮሮ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮ፣ ደም ግፊት ወርዶ ሕይወት ላይ ይደርሳል። ሦስተኛው የዘገየው አለርጂ ነው። በዚህ ላይ የሚሠሩት ቲ ሴል የሚባሉት የደም ነጭ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ነገሩን ለይተው ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስዱ ምልክቱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይወጣል፤ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ያዣል፣ ከዚያም ይቀረፋል። የእርስዎ ይህ ሦስተኛው ዓይነት ይመስላል። በሦስተኛው ቀን መምጣቱ፣ ውኃ መቋጠሩ፣ የፀጉር ዳር፣ ጆሮና የዐይን ቆብ መምረጡ የፀጉር ቀለም አለርጂ የተለመደ መልክ ነው። የራስ ቅል ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ቀለሙ የነካው እርሱ ሆኖ ሳለ ብዙም ሳይታመም ይቀራል፤ ስስ የሆነው የዐይን ቆብ ግን በትንሹ ያብጣል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው «ዐይኔን ምን ነካኝ» ብሎ ወደ ዐይን ሐኪም ይሄዳል።

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ያደረግሁትን ስሕተት እዚህ ልናገር፤ ዛሬም ይቆጨኛል። አንዲት እናት ፊታቸው በየወሩ ገደማ እያበጠ ይመጡ ነበር። እኔም እንደ ብዙው ሰው ምግብ ጠረጠርኩ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣ አስተዋቸው። እሳቸውም ቃሌን አክብረው ለወራት ሳይነኩ፣ በጾምም በፍስክም ጎመንና ድንች ብቻ እየበሉ ከሱ። አንድ ቀን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሻሻቸውን ሲያወልቁ በግንባራቸው ላይ፣ ከፀጉራቸው ዳር ጣት የማይሞላ ጥቁር መስመር ከጆሮ እስከ ጆሮ ተሰምሮ አየሁ። ሽበታቸውን በየወሩ ይቀቡ ነበር፤ ጠይቄያቸው ስለማላውቅ አልነገሩኝም። በአዋቂ ሰው ፊት ላይ እየቆየ የሚመጣ ችፌ ከምግብ ይልቅ ከሚቀባ፣ ከሚነካና ከሚነሰነስ ነገር ይመጣል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፀጉር ነው።

ያሳበጠዎት ንጥረ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን ይባላል፤ በአጭሩ ፒፒዲ። ጥቁርና ጥቁር ቡኒ በሆኑ ዘላቂ የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ይገኛል፤ በዱቄትም በክሬምም መልክ ይሸጣል። «አሞኒያ የለውም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀለም ፒፒዲ የለውም ማለት አይደለም፤ ይህ ማስታወቂያ ብዙ ሰው አሳስቷል። የሙሽራ እጅ ላይ የሚሳለው በጣም ጥቁር ሂና ደግሞ ሂና ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ንጹሕ የሂና ቅጠል ቀይ ቡኒ እንጂ ጥቁር ቀለም አይሰጥምና፤ ቶሎ እንዲጠቁር ብለው የፀጉር ቀለም ይቀላቅሉበታል። በዚያ ቅልቅል እጇ ላይ አበባ ያሳለች ልጅ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ ከለየው በኋላ አይረሳውም፤ አለርጂው ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ በድጋሚ በተነካ ቁጥርም ፈጥኖና በርትቶ የመምጣት ጠባይ አለው። ስለዚህ «አምና ነው፣ አልፏል» ብለው ያንኑ ቀለም በጥቂቱ እንኳ እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ። በልጅነትዎ ያሳከከዎት ጉትቻ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ የኒኬል ብረት አለርጂ ነው፤ በዓለም ላይ በጣም የተለመደው የንክኪ አለርጂ እርሱ ነው።

ይህን በእርግጠኝነት የሚለየው ምርመራ ፓች ቴስት ይባላል። ጥቃቅን ክብ ሳህኖች ላይ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች በልክ ተደርገው በፕላስተር ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፤ ለሁለት ቀን ጀርባ ሳይታጠብ ይቆያል፤ ከዚያ ተነሥቶ አንዴ በ48 ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ በአራተኛው ቀን ገደማ ይነበባል። ክንድ ላይ በመርፌ ጭረት የሚደረገውና በ15 ደቂቃ የሚነበበው ሌላው ምርመራ ለፈጣኑ አለርጂ ስለሆነ ለእርስዎ አይረዳዎትም፤ የደም ምርመራም እንዲሁ። ይህን የምለው ሰዎች በማይመለከታቸው ምርመራ ብዙ ገንዘብ ከፍለው «አለርጂ የለብዎትም» ተብለው ሲመለሱ ስለማይ ነው። አንድ ነገር ግን በቤትዎ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ፊት ላይ ተቀብቶ የሚቆይ አዲስ ክሬም ወይም የፀሐይ መከላከያ ከመጀመርዎ በፊት በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል፣ የሳንቲም ስፋት ባላት ቦታ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ይቀቡት፤ ካላሳከከና ሽፍታ ካላወጣ ለፊትዎ ይሆናል። የፀጉር ቀለምን ግን በዚህ መንገድ አይሞክሩ፤ አለርጂ ላለበት ሰው ሙከራው ራሱ ቁስል ነው።

እንግዲህ መርፌውና አለርጂዎ የሚገናኙበትን ቦታ ልንገርዎ። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ከሰው ደም የተወሰደ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ እንደ አምራቹም ጨው ወይም የስኳር ዓይነት ነው። ፒፒዲ የለበትም፤ ኒኬልም የለበትም። መርፌው ከማይዝግ ብረት የተሠራና ቆዳዎን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚነካ ስለሆነ የጉትቻው ነገር አያሳስብዎ። አልቡሚን ሲባል የእንቁላል ነጭ የሚመስላቸው ሰዎችም አሉ፤ የሰው አልቡሚን ሌላ ነው፤ የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ ምክንያት አይከለከልም። የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ላለበት ሰው ግን ልዩነት አለው፤ ዲስፖርት የተባለው የሌላ አምራች ቦቱሊነም ቶክሲን ላክቶስ የተባለ የወተት ስኳር ስላለውና ጥቂት የወተት ፕሮቲን ሊገኝበት ስለሚችል ለእርሱ አይሰጥም። ለመድኃኒቱ ለራሱ የሚነሣ ፈጣን አለርጂ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ደርሶ ያውቃል፤ ስለዚህ ፈጣኑን አለርጂ የሚገታው አድሬናሊን የተባለ መድኃኒት በእጁ የሌለው ሰው ማንንም ሊወጋ አይገባም።

የእርስዎ አለርጂ የሚነካው ከመርፌው ይልቅ በመርፌው ዙሪያ ያሉትን ነገሮች ነው። ሕመሙን ለመቀነስ ቀድሞ የሚቀባ ማደንዘዣ አለ። ቤንዞኬይን ያለበት ማደንዘዣ በኬሚካል አሠራሩ ከፒፒዲ ጋር ዝምድና ስላለው፣ ለፀጉር ቀለም አለርጂ የሆነ ሰው ለእርሱም ሊቆጣ ይችላል። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ግን የተለየ ቤተሰብ ነው፤ እርሱን በዚህ ምክንያት መፍራት አያስፈልግም። እኔ ግን ለቅንድብ መካከል በረዶ ይበቃል ባይ ነኝ፤ መርፌዎቹ አምስት ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ያልቃሉ። ዱቄቱ የሚሟሟበት የጨው ውኃ አንዳንዴ ቤንዚል አልኮል የተባለ ማቆያ ይጨመርበታል፤ ፊት የሚጠረግበት ክሎርሄክሲዲን፣ የላቴክስ ጓንት፣ ከመርፌው በኋላ «ለማረጋጋት» የሚቀባው ሽታ ያለው ክሬም፣ እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው አለርጂ ሊያስነሡ ይችላሉ። ለሚወጋዎት ሐኪም «የፀጉር ቀለም አሳብጦኝ ያውቃል» የምትለዋን አንድ ዐረፍተ ነገር ከመተኛትዎ በፊት ይንገሩት፤ ምን መተው እንዳለበት ያውቃል።

ከተወጉ በኋላ ደግሞ የሚያዩትን መለየት ይኖርብዎታል። መርፌው የገባበት ቦታ እንደ ትንኝ ንክሻ ያብጣል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ ፈሳሹ ነው እንጂ አለርጂ አይደለም። ትንሽ መበለዝና ራስ ምታትም ይኖራል። በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነት ላይ እብጠት ከተነሣ፣ ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ፈጣኑ አለርጂ ስለሆነ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ አድሬናሊን ጭን ላይ ወዲያውኑ ይወጋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚያሳክክና የሚያዥ ሽፍታ ከመጣ የዘገየው አለርጂ ነው፤ ጥፋተኛውም በአብዛኛው የተቀባው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንደኛው የዐይን ቆብ ቢወርድ ይህ አለርጂ ሳይሆን መድኃኒቱ ወደ ጎረቤት ጡንቻ ስለፈሰሰ ነው፤ በጥናቶች ከ100 ሰው በ3ቱ ላይ ያህል ታይቷል፤ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ለዚህም ሲባል በዚያ ቀን ግንባርዎን አይሹት፤ ሻሽም አጥብቀው አይሰሩ። የመዋጥ ችግር፣ የድምፅ መለወጥ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የሰውነት መዛል ወይም የትንፋሽ መክበድ ግን በሰዓታትም ይሁን በሳምንታት ውስጥ ቢመጣ መድኃኒቱ በሰውነት ተሰራጭቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ ሳሎኑ። በጣም የምፈራው ይህንን ነው። ያልተከፈተው ብልቃጥ በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ከተሟሟ በኋላም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ በአምራቹ መመሪያ መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ከአዲስ አበባ በቦርሳ ተይዞ፣ በመኪናም ይሁን በአውሮፕላን አዘዞ ደርሶ፣ መብራት በሚጠፋበት ሳሎን ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ብልቃጥ ምን እንደያዘ ዐይቶ የሚያውቅ የለም፤ የሞተውም የሠራውም መድኃኒት ሲሟሟ እኩል ውኃ ይመስላል። የሞተ ከሆነ ገንዘብዎ ነው የጠፋው። ሐሰተኛ ከሆነ ግን ያለው መጠን አይታወቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ በበርካታ ግዛቶች ሰዎች ሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ባልተያዘ መርፌ የተነሣ የቦቱሊዝም፣ ማለትም በዚሁ መርዝ የመመረዝ፣ ምልክት እያሳዩ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የተወጉት ፈቃድ በሌለው ሰው ወይም ከጤና ተቋም ውጭ ነበር። የአንዱ አምራች ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አለመሆኑም ሌላ አደጋ ነው፤ አንዱን በሌላው ቁጥር የሚወጋ ሰው ከልክ በላይ ወይም በታች ይሰጣል። አንድን ብልቃጥ ለብዙ ሰው እያካፈሉ፣ ስሪንጅን እየደጋገሙ መጠቀም ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል፤ ይህን ለመምህርት ማብራራት አይጠበቅብኝም።

ስለዚህ ማንም ይሁን ማን ሊወጋዎት ሲዘጋጅ ብልቃጡ በፊትዎ እንዲከፈት ይጠይቁ። ስሙን፣ የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ። ስንት ዩኒት እንደሚወጉ ይጻፍልዎ። የሚወጋው ሰው የሕክምና ፈቃዱን፣ አድሬናሊኑንም ያሳይዎ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሰው ካለ መልስ አግኝተዋል ማለት ነው። ትሁት ሰው መሆንዎ ከጽሑፍዎ ይታያል፤ ፊትዎ ላይ ለሚገባ መርፌ ግን ይሉኝታ አያስፈልግም።

እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት አትወጋም። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው የጡንቻ መዛል ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም ወደ ማታ ቆቡ የሚወድቅና ማኘክ የሚደክመው ሰው አስቀድሞ መመርመር አለበት። ጄንታማይሲን የመሰለ ፀረ ባክቴሪያ መርፌ እየወሰዱ ከሆነም የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚጨምር ይጠበቃል። በሚወጋበት ቦታ ቁስል፣ ብጉር ወይም ችፌ ካለ ይድናል፤ ከዚያ ይወጋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ ቅባትዎ ያመጣኛል። ስሙን አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለ እብጠት ከፋርማሲ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባለ ብርቱ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ለጥቂት ቀን ሲቀቡት ተአምር ይመስላል፤ በፊት ላይ ለወራት ሲቀቡት ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉርና ፀጉር ያበቅላል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ከዐይን አጠገብ ከሆነም የዐይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ይጨማደዳል፤ በመርፌ ሊያጠፉት የሚፈልጉትን በቅባቱ እያመጡት ሊሆን ይችላል። ሲያቆሙት ፊትዎ ለጥቂት ሳምንታት ሊቀላና ሊያቃጥል ስለሚችል በራስዎ በድንገት ከማቆም ይልቅ ቱቦውን ይዘው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የቆዳ ሕክምና አለ። በጥቁር ቆዳ ላይ ችፌ ሲድን ጥቁር ጠባሳ መሳይ ጥላ ትቶ ይሄዳል፤ እርሱን ለማጥፋት ብለው ማንጫ ክሬም እንዳይጀምሩ፤ በጊዜና ከፀሐይ በመጠበቅ ይደበዝዛል። ሲወጡ ጥላ ይያዙ፤ የመከላከል ኃይሉን የሚያሳየው ቁጥር (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሽታ የሌለው የፀሐይ መከላከያ ቢለምዱ ለመስመሮቹም ከማንኛውም ክሬም ይልቅ ይጠቅማል።

ቀኑን እንቁጠር። ሠርጉ በጥር መጨረሻ ከሆነና ሐኪም ፊት አለርጂውንና ቅባቱን አጣርተው መወጋቱን ከወሰኑ፣ መርፌው ከሠርጉ ቢያንስ አራት ሳምንት በፊት ይሁን፤ ሁለቱ ሳምንታት ውጤቱ ሙሉ እንዲሆን፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ቢል ለማስተካከል ናቸው። ከገና በኋላ ካደረሱት ይለፉት። በሠርጉ ሳምንት ፊት ላይ አዲስ ነገር መጀመር የለበትም፤ መርፌም ቢሆን፣ ክሬምም ቢሆን። ቅባቱ ፊትዎን ጎድቶት ከተገኘም ቦቶክሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ እኔ ብሆን ለሙሽራዋ እናት ጤናማ ቆዳ ላይ ያሉ ሁለት መስመሮችን በሚያሳክክ ለስላሳ ግንባር አልለውጥም።

ፀጉርዎን በተመለከተ፣ በማሸጊያው ላይ ፓራፌኒሊንዳያሚን ወይም ቶሉዊን ዳያሚን የሚል የተጻፈበትን ቀለም አይንኩ፤ ሁለተኛው ለብዙ የፒፒዲ አለርጂ ላለባቸው ሰዎች ያው ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ዱቄትም እንዲሁ። ጥቁር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የሂና ቅጠል ካገኙ ሽበትዎን ቀይ ቡኒ ያደርገዋል፤ እርሱንም በክንድዎ ሞክረው ነው። እጅዎንና እግርዎን በአገራችን እንሶስላ መሞቅ ይችላሉ፤ ከጥቁር ቀለም ጋር እንዳይቀላቅሉበት ግን ሲወቀጥ አጠገቡ ይቀመጡ። ሹሩባዎን የምትሠራዋ ልጅም ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው የቀባችበትን ጓንት፣ ማበጠሪያና ፎጣ ፊትዎ አጠገብ እንዳታደርስ አስቀድመው ይንገሯት።